ቀማሽ ያጣ ማዕድ

ጽጌ ጾም ማብዛት ስትጀምር የተናደድሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ደስ አለው። ጎረቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልትመንን ነው» ይላል። አንዳንዱ ደንበኛማ በልቶ ሲወጣ «በጸሎትሽ አስቢኝ» እያለ እጇን ሊስም ይቃጣዋል። እኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ እሷ ስትጾም የምቀምሰው እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሬ በማንኪያ ጫፍ ወጥ፣ በማንኪያ ጫፍ ስልጆ፣ በማንኪያ ጫፍ የዓሣ መረቅ ስል እውላለሁ። ምሳ ሲደርስ ሆዴ ባዶ ነው፤ አፌ ግን ምግብ የሚባል ነገር አታሳዩኝ ይላል።

የምንሠራባት ቤት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ ከሐይቁ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። ስም የላትም። ሰሌዳ ልናሠራ ነበር፣ በስሙ ሳንስማማ ቀረን፤ ሰዉ ራሱ «ቅምሻ ቤት» ብሎ ሰየማት። እኛ ቤት የሚመረጥ ነገር የለም። እንግዳ ይቀመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ ያለንን በትናንሽ ሳህን ተራ በተራ እናወጣለታለን። በክረምት እንጉዳይና ጎመን፣ በመስከረምና በጥቅምት እሸት፣ ውኃው ሲጠራ ዓሣ፣ በጾም ሱፍና ስልጆ። ከቆጋ መስኖ ድንች የመጣ ቀን ድንቹ በፍም ተጠብሶ በስናፍጭ ይቀርባል፤ ያልመጣ ቀን ዱባ ነው።

ጽጌ እንዲህ ያለ አቀራረብ ሆቴል ሳለች ለፈረንጆች ሲሠራ አይታለች። እኛ ግን የጀመርነው ቸግሮን ነው። መንገዱ ሲዘጋ፣ ነዳጅ ሲጠፋ፣ ገበያ ወጥቶ ለእንግዳው ሁሉ የሚበቃ አንድ ነገር ማግኘት አይቻልም፤ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ግን አይጠፋም። «እንግዲህ ጥቂት ጥቂቱን እናቅርብ» አለች ጽጌ፤ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ አልገባውም። አንድ ሽማግሌ ሦስተኛውን ሳህን ከጨረሱ በኋላ «ልጄ፣ ቅምሻውስ ጥሩ ነው፤ ምግቡ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ለየሰዉ በየሳህኑ ስናቀርብ ደግሞ የተኳረፉ ሰዎች ይመስላሉ ብሎ የሳቀብን አለ። ስለዚህ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ሳህን ሆነ፤ እጅ ለእጅ እየተጋጨ ይበላል።

ሥጋ ከቤታችን አይገባም። የእሷ ወገን ያረደውን እኔ አልበላም፣ የእኔ ወገን ያረደውን እሷ አትበላም፤ ዓሣን ግን ማንም አያርደውም። ዓሣም ቢሆን አምባዛ ቅርፊት የለውም ብላ አትነካም። በዐቢይ ጾም ዓሣ ካላቀረባችሁልኝ የሚል ክርስቲያን ሲመጣ ደግሞ ጽጌ ራሷ ወጥታ ወንበሩን ታስለቅቀዋለች።

ይህች ጽጌ የመራዊ ልጅ ናት። ባሕር ዳር የመጣችው በልጅነቷ፣ አክስቷን ልትረዳ ነው። ከዚያ በሐይቁ ዳር ካለ አንድ ትልቅ ሆቴል ሳህን አጣቢ ሆና ገባች። ከሳህን ወደ ሽንኩርት፣ ከሽንኩርት ወደ ምድጃ እያለች ወጥ ቤት ለመሆን ዕድሜዋ ሄደ። ባሏ ሹፌር ነበር፤ አንድ ጊዜ ወደ መተማ እንደ ሄደ እዚያው ሌላ ቤት ሠራ። እሷ ስለ እሱ ክፉም ደግም አትናገርም። ልጇን ሔራንን በወጥ ጭልፋ አሳድጋ ዩኒቨርሲቲ አስገባች። ሔራን ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን ምንም ብናቀምሳት «ይመቻል» ነው የምትለው፣ የበሰለውንም ጥሬውንም።

እኔ ሸሪፋ እባላለሁ፤ ከሐይቁ ማዶ ያለችው የቁንዝላ የጀልባ ሠሪ ልጅ ነኝ። ከጽጌ ጋር የተዋወቅነው ወንድሜ ቡርሀን የሚያጠምደውን ዓሣ ለሆቴሉ ሳመጣ ነው። ሌሎቹ ወጥ ቤቶች ዓሣውን መዝነው ይቀበላሉ። እሷ መተንፈሻውን፣ ስንጥቡን፣ ገለጥ አድርጋ ታሸታለች። «ይሄ የዛሬ ነው። ይሄ የትናንት ነው። ይሄንን ደግሞ ወስደሽ ለወንድምሽ ራሱ አብስይለት» ትለኛለች። የሰደበችኝ መስሎኝ ቤቴ ሄጄ አለቀስሁ። በማግስቱ ቡርሀንን ስጠይቀው ያ ዓሣ እውነትም ሁለት ቀን ያደረ ነበር። እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ ጽጌም ተቀነሰች። ድስቶቿን በፌስታል ተሸክማ በር ላይ አገኘኋትና «አንቺ አብስይ፣ እኔ ዓሣ አመጣለሁ» አልኋት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

አሠራራችን እንዲህ ነበር። በእሷ ጾም ቀማሿ እኔ ነኝ፣ በረመዳን ቀማሿ እሷ ናት። በሌላው ቀን ሁለታችንም እንቀምሳለን፤ እንጣላለን፤ ብዙ ጊዜ እሷ ትረታለች። በነዚህ ባለፉት ዓመታት ግን ረመዳን እየተንሸራተተ መጥቶ ዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። ሁለት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ለሰው ቅምሻ እየሠሩ አንዷም መቅመስ አትችልም። ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል የሚሉ አሉ። እኔ አፌ የገባ ነገር መትፋት አልችልበትም፤ እሷም እንዲህ ያለ ማጭበርበር አትወድም። አምና ታዲያ ምን አደረግን? በአፍንጫዋ ሠራን። ክዳን ከፈት አድርጋ ታሸትና «ጨው ይቀረዋል» ትላለች።

«ጨው አይሸትም እኮ» እላታለሁ።

«እኔን ይሸተኛል» ትላለች።

ማታ ስናፈጥር ስንቀምሰው እንዳለችው ይሆናል። እንዴት እንደምታደርገው አላህ ይወቀው።

ባለፈው ክረምት ጽጌ ትኩሳት ይዟት ተኛች። በሁለተኛው ሳምንት ተነሣች፤ ከስታለች፣ ግን ተነሣች። ያኔ ፍልሰታ ስለ ነበር «አንቺ ቅመሺ» ስትለኝ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ማንም የማያስገድዳትን የጽጌን ጾም ያዘች። በስሟ የሚጠራ ጾም ስላላት ደስ ብሏት ነው ብዬ ቀለድሁባት። ከዚያ የገና ጾም መጣ። ገና አልፎ ሰው ሁሉ ሲበላ ሲጠጣ ደግሞ «ስለት አለብኝ» አለች። ምን ዓይነት ስለት እንደሆነ አልነገረችኝም። «አንቺ ቅመሺ፣ ሸሪፍዬ» ብቻ ናት። ጨው? ትለኛለች። ልክ ነው። ሎሚ? ጥቂት ይቀረዋል። እጇ ወዲያው ይሄዳል። እኔ ምላስ ሆንሁ፤ እሷ እጅ ሆነች።

ደከመኝ። ይህን ስናገር ማፈር የለብኝም፤ ደከመኝ። ጠዋት ዓሣ ልቀበል ጀልባ መውረጃው ላይ እቆማለሁ፤ ጀልባው አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። ከዚያ መቅመስ ነው፣ ማቅረብ ነው፣ ማጠብ ነው። ቁንዝላ ያለችው እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው። የቡርሀን ሚስት ሱምያ ትጦራታለች፤ እሷም አራስ ሆና ነው። ወደ ባሕር ዳር አምጧት እንዳልል እማ ከቤቷ አትነሣም፤ ሐይቁን በድምፁ ታውቀዋለች፣ የከተማውን ድምፅ አታውቀውም። ቡርሀን ዓሣ ሊያራግፍ በመጣ ቁጥር «ስምሽን እየጠራች ነው» ይለኛል። እሱ አይወቅሰኝም። እንዲህ ብሎ ዓሣውን ወደ ማራገፍ ይመለሳል፤ ያ ይብስብኛል።

ስለዚህ ወሰንሁ። ከዒድ ማግስት ቁንዝላ እገባለሁ፤ እናቴን እስከ መጨረሻዋ እጦራለሁ። አንድ ቀን ድስት ስንፈገፍግ ለጽጌ ነገርኋት። ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፣ «እኔንስ ለማን ትተሽኝ?» ትላለች ብዬ ስንት ቀን መልስ ሳዘጋጅ ነበር። እሷ ቀናም አላለች።

«ሂጂ» አለችኝ። «እናትሽ ናት።»

ሌላ ምንም የለም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ከሷ ይልቅ ድስቱ ያዘነልኝ መሰለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬያት ሠርቼ አንድ «ምነው» አጣሁ? ከዚያ ወዲህ ፊቷን ባየሁ ቁጥር ንዴቴ ይነሣል።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ ወዲያው ረመዳን ተከተለ። እኔም ግድ አልሰጠኝም፤ እንደ አምናው በአፍንጫዋ ትሠራለች ብዬ አሰብሁ። ግን ክዳን አልከፈተችም። ያስቀመጠችውን ጨው በጣቷ ቆንጥራ ትጨምርና ወደ ሌላው ድስት ታልፋለች። የእንግዳውም ምስጋና ቀነሰ። አንዱ ስልጆውን ትቶት ሄደ። እኔ እሷም እንደኔ ሰልችቷት ነው አልሁ።

አንድ ቀን የንስሐ አባቷን መምሬ ወልደ ጻድቅን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንደኔ ያለች እስላም ሴት የሰው ንስሐ አባት ላይ መቆጣት እንደማይገባት አውቃለሁ። ግን ቆጣ አልሁ።

«መምሬ፣ ጽጌን በጾም ሊገድሏት ነው እንዴ? ይቀንሱላት እንጂ!»

ቆም ብለው አዩኝ። «እኔ? ከሕመም ተነሥተሻል ቀንሺ ብዬ የገሠጽኋት እኔ ነኝ። አሻፈረኝ አለች። አንቺ ጠይቂያት፤ ካንቺ የምትደብቀው አለ እንዴ?»

እያሰብሁ ወደ ሥራዬ ገባሁ፤ አልጠየቅኋትም። ልሄድ ነው፤ የራሷ ጉዳይ ነው አልሁ።

በዚያው ሰሞን አቶ ግሩም የሚባሉ የኮሌጅ መምህር፣ የዘወትር ደንበኛችን፣ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ሊመጡ ቀጠሩ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሉበት። ክርስቲያኖቹ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መብላት ይችሉ ነበር፤ «ከእናንተ ጋር እናፈጥራለን» ብለው እስከ መግሪብ ሊቆዩ ተስማሙ። ጽጌ ከጠዋት ጀምሮ ደፋ ቀና ትላለች። እኔ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ቆስጣ ሳጥብ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። መጀመሪያ ከጎረቤት መሰለኝ። ሽታው ሲበረታ እጄን ሳላደርቅ ሮጥሁ።

ጽጌ ድስቱ አጠገብ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። የአተር ክኩ ከላይ ረጋ ብሎ ይንተከተካል፤ ከሥሩ ግን አርሮ ክፍሉን በሽታ ሞልቶታል። እሷ ቀና ብላ አየችኝና «ምነው ሮጥሽ?» አለችኝ።

«ክኩ!» አልሁና ድስቱን ከምድጃው አወረድሁት።

«ምን ሆነ?»

«አርሯል እኮ! አይሸትሽም?»

ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። እኔም እዚያው ቆሜ አንድ ባንድ መጣልኝ። ያልተከፈተው ክዳን። ስንጥቡ ሳይገለጥ የምትቀበለው ዓሣ። ማለቂያ ያጣው ጾም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት።

«ከትኩሳቱ።»

«ምኑም አይሸትሽም?»

«ምኑም። ስናፍጩ ሲያቃጥለኝ ይታወቀኛል፤ ሌላው ውኃ ነው። እንጀራውም ውኃ ነው። ሐኪሙ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ። ሰባት ወር ሆነው።»

«እኔን ጾመኛ ነኝ ነው ያልሽኝ!»

«ጾሜያለሁ እኮ። ጾሙን አልዋሸሁሽም። የጾምሁበትን ምክንያት ነው ያልነገርሁሽ።» ድምፅዋ ደክሟል፤ የተያዘ ሌባ ድምፅ አይደለም፣ የተሸከመውን ያወረደ ሰው ድምፅ ነው። «መጀመሪያ አፈርሁ። ሳይቀምሱ የሚሠሩበት ቤት ማን ይመጣል? ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል እያልሁ አንዱን ጾም ካንዱ አገናኘሁት።»

«ልሄድ ነው ስልሽስ? ያኔ እንኳ አትናገሪም?»

«ያኔማ እንዴት እናገራለሁ?» አለችኝ። «ብነግርሽ ትቀሪ ነበር።»

ያን ሁሉ ቀን ቂም ይዤባት የነበረችው «ሂጂ» ይቺ ነበረች። አለቀስሁ፤ ከማዘን ይልቅ ከንዴት ነው ያለቀስሁት። እሷ አላለቀሰችም። ያረረውን ድስት አንሥታ ጓሮ ወሰደችው።

እንግዶቹ መጥተው ተቀመጡ። አዛን ሲሰማ ሁላቸውም ቴምር አነሡ፤ እኔም አንድ ቴምር አፌ ውስጥ ከትቼ ወደ ምድጃው ዞርሁ። ከአዛኑ እስከ መጀመሪያው ሳህን ባለችው ጊዜ ውስጥ ሁሉንም ቀመስሁ። አዚፋው ሎሚ ይፈልጋል። ድንቹ ልክ ነው። ስልጆው ውኃ ይጨመርበት። እኔ ስናገር እጇ ይሄዳል፤ የፈሰሰ የለም፣ የበዛ የለም። አቶ ግሩም ሲወጡ «ዛሬ ደግሞ ጽጌ ተመለሰች» አሉ። ምን ያህል እውነት እንደ ተናገሩ አላወቁም።

ከዚያ በኋላ እሷ ናት ውል ያመጣችው። «እንድታዝኚልኝ አልፈልግም» አለችኝ። «እጄ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል፤ ልኩን ያውቃል። ከዒድ ማግስት ብቻዬን አንድ ድስት እሠራለሁ። አንቺ ትቀምሻለሽ። ልክ ከሆነ ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ። ካልሆነም ትሄጃለሽ፤ እኔ ቤቱን እዘጋዋለሁ። ሰው በልቶ እንዲያፍርልኝ አልፈልግም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

እሺ አልኋት። ሌላ ምን ልበል?

ዒድ አለፈ። በማግስቱ ቦርሳዬን ይዤ መጣሁ። ቡርሀን ጀልባውን አስሮ በባጃጅ ሊወስደኝ መጥቷል፤ ውጭ ይጠብቃል። ጽጌ ከማለዳ ጀምራ የምስር አልጫ ሠርታለች። የእሷ ጾም ገና አላለቀም፣ የእኔ አልቋል። ሽታው ደስ ይላል፤ ልቤ ቀለል አለኝ። ጭልፋውን ሰጥታኝ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቀመስሁ። ጨው ነው። ምስሩም ዝንጅብሉም ከሥሩ ተቀብረዋል። ወዲያው ገባኝ ምን እንዳደረገች። እሷ ድሮም ጨው የምትጨምረው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ሲጣድ፣ አንዴ ከቀመሰች በኋላ። እጇ ሁለቱንም አልረሳም። በመሀል የነበረችውን ቅምሻ ግን እጅ ከየት ያምጣት?

ጀርባዋን አየሁት። ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ቆማለች። ውጭ ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋ። እናቴ ደጃፏ ላይ ወንበሯን አስወጥታ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው፤ ሱምያ እንደ ነገረቻት አውቃለሁ። «ልክ ነው» ብል በቀትር ጀልባው ላይ ነኝ። እንግዳው ጨዋ ነው፤ ዝም ብሎ በልቶ ዝም ብሎ ይቀራል። ጽጌም ለምን እንደቀረ ሳታውቅ ትከርማለች። ይህችን ቃል ለማለት ምን ያህል እንደ ፈለግሁ አልደብቅም። አፌ ላይ ደርሳ ነበር።

«ጨው በዛ» አልሁ።

ጀርባዋ አልተንቀሳቀሰም። «ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

«እሺ» አለች። ሽርጧን ፈታችና አጣጥፋ መስኮቱ ላይ አኖረችው። «አመሰግናለሁ። ሂጂ፣ ወንድምሽ ቆሟል።»

ወጣሁ። ቡርሀን ቦርሳዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም። ቦርሳውን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ገባው።

«ለእማ ምን ልበላት?» አለኝ።

ምን ይበላት? ያለችኝ እናት አንድ ናት፤ የቀራት የዓይን ብርሃንም ብዙ አይደለም። «ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች በላት» አልሁት። ከፋሲካ በኋላም ያው እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ባጃጁ ሲዞር ቆሜ አየሁት።

ስመለስ ጽጌ ድስቱን ልትደፋው አንሥታ ነበር። ከእጇ ተቀብዬ መልሼ ጣድሁት። ጨው ይመጥጣል ብዬ የቆጋ ድንቹን ወደ እኔ ሳብሁና ቢላዋ ፈለግሁ።

«ሂጂ አልሁሽ እኮ» አለችኝ፤ አሁን ታለቅሳለች።

«ጨው በዛ አልሁሽ እኮ» አልኋትና መላጥ ጀመርሁ።